ስክራብ ሲደረግ ድምፁ ለምን ይቆራረጣል? የመቁረጫው ቦታስ በምን ይወሰናል?

ጥያቄ፦ «በአማርኛ የቃለ መጠይቅ ፖድካስት አዘጋጃለሁ፤ የምሠራው ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ነው። የአንድን ቃል መጀመሪያ ለማግኘት በማውዝ ድምፁን ወዲያና ወዲህ ስጎትተው፣ ማለትም ስክራብ ሳደርግ፣ የሚሰማኝ የተቆራረጠና እንደ ማሽን የሚያጉረመርም ነገር ነው። በቴፕ ዘመን ሬዲዮ ላይ የሠሩ አንድ ጋሽ ግን የቴፑን ጥቅልል (ሪሉን) በእጃቸው እያዞሩ እያንዳንዷን ፊደል ለይተው ይሰሙ እንደነበር አጫውተውኛል። እያዳመጥኩ የማስቀምጣቸው ምልክቶችም ሁልጊዜ ከቃሉ መጀመሪያ አልፈው ይገኛሉ፤ ቆርጬ ስገጥም ደግሞ አንዳንዱ ቃል ይጎረዳል። ኮምፒውተሬ ደካማ ሆኖ ነው? ጆግ (የሚሽከረከር ክብ) ያለው መቆጣጠሪያ ልግዛ ወይስ ወደ ሌላው ፕሮግራም፣ ወደ ፕሮ ቱልስ፣ ልዛወር?»

ምላሽ፦

ኮምፒውተሩ ጥፋት የለበትም። ንግግር ብቻ የያዘ ቅጂን እየጎተቱ ለማዳመጥ ብዙ ዓመት ያገለገለ ላፕቶፕም ከበቂ በላይ አቅም አለው። ጥያቄው ውስጥ ሦስት የተለያዩ ችግሮች እንደ አንድ ተቆጥረው ቀርበዋል። የሚቆራረጠው ድምፅ የመጣው ከተመረጠው የማጫወቻ ዘዴ ነው፤ የምልክቶቹ መዘግየት የመጣው ከሰው ተፈጥሮና ምናልባትም ከጆሮ ማዳመጫው ነው፤ የቃላቱ መጎረድ ደግሞ ስክራብን ለማይችለው ሥራ ከመጠቀም የመጣ ነው። ሦስተኛው ከሁሉም የከበደ በመሆኑ ሰፋ ያለውን ቦታ ለእሱ እሰጣለሁ።

በመጀመሪያ ስለ መቆራረጡ። ኦዳሲቲ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ በቀላሉም የሚምታቱ ሁለት መሣሪያዎች አሉ፤ አንዱ ስክራብ፣ ሌላው ሲክ ይባላል። ስክራብ ድምፁን ማውዙ በሚሄድበት ፍጥነት ያጫውታል፤ እጅዎ ሲዘገይ ድምፁም ይዘገያል፣ ቅጥነቱም አብሮ ይወርዳል። ሲክ ግን የድምፁን ፍጥነት ሳይለውጥ አጫጭር ቁራጮችን እያሰማ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ይዘላል፤ የሲዲ ማጫወቻ የማሳለፊያ አዝራሩ ተጭኖ ሲያዝ የሚያሰማው ዓይነት ማለት ነው። የገለጹት ድምፅ የሁለተኛው ጠባይ ስለሆነ፣ ከምናሌው ውስጥ የትኛው እንደተመረጠ አስቀድመው ያረጋግጡ፤ የምናሌው ቦታ እንደ ስሪቱ ሊለያይ ይችላል።

የሚያጉረመርመው ድምፅ በቅጂው ውስጥ የለም። አንድ ፕሮግራም ማውዙ በቆመበት ቦታ ላይ የ20 ሚሊ ሰከንድ ቁራጭ እየደጋገመ ቢያጫውት፣ ያው ቁራጭ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ጆሮም ይህን የሚሰማው የ50 ሄርዝ (በሰከንድ 50 ንዝረት) ጉርምርምታ አድርጎ ነው። በቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች ላይም ተመሳሳይ ነገር ይገጥማል፤ በሰከንድ 25 ምስል በሚሠራ ቪዲዮ አንዱ ምስል 40 ሚሊ ሰከንድ ስለሚቆይ፣ ጠቋሚውን ሲጎትቱ የሚሰማው ድምፅ በዚያው መጠን የተቆራረሰ ይሆናል። ስለዚህ ጉርምርምታውን ሰምተው «ቅጂው ተበላሽቷል» ብለው የድምፅ ማጽጃ ለመጠቀም አይቸኩሉ፤ በተለመደው ፍጥነት ሲያጫውቱት ከሌለ፣ ጉርምርምታው የለም ማለት ነው።

ጋሽ የነገሩዎት እውነት ነው፣ ነገር ግን ማስተካከያ ይፈልጋል። በሪል ቴፕ ላይ ድምፁ በርዝመት የተዘረጋ አካል ነበረ። በሰከንድ 19 ሴንቲ ሜትር በሚሄድ ቴፕ ላይ 10 ሚሊ ሰከንድ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ቦታ ይይዛል፤ በሰከንድ 38 ሴንቲ ሜትር በሚሄደው ደግሞ እጥፉን። አቀናባሪው ሁለቱን ሪሎች በሁለት እጁ ይዞ ቴፑን በማጫወቻው ሄድ (ድምፁን ከቴፑ በሚያነበው ክፍል) ላይ ወዲያና ወዲህ ያመላልሰዋል፤ ድምፁ የሚጀምርበት ነጥብ በትክክል ሄዱ ላይ ሲደርስ በሰም እርሳስ ምልክት አድርጎ በምላጭ ይቆርጠዋል። በእጁ እንቅስቃሴና በሚሰማው ድምፅ መካከል የሚገባ ሦስተኛ ነገር አልነበረም። ሆኖም በዚያ ዝግታ የሚሰማው ጥርት ያለ ፊደል አልነበረም። የማጫወቻ ሄድ ኃይል የሚያመነጨው መግነጢሳዊው መስክ በሚለዋወጥበት ፍጥነት ልክ በመሆኑ፣ ቴፑ ሲዘገይ ድምፁ ወፍራም ብቻ ሳይሆን ደካማም ይሆን ነበር። ቴፕ ያቀናበሩ ሰዎች በዚያ የደበዘዘ ድምፅ ውስጥ ለይተው ያውቁ የነበረው ፊደሉ የጀመረበትን ቅጽበት ነው፤ ይህንንም ያገኙት ከዓመታት ልምምድ ነው። የትኛው ቃል እንደሆነ ያወቁት አስቀድመው በተለመደው ፍጥነት ስለሰሙት ነበር።

በኮምፒውተር ግን በእጅና በድምፅ መካከል የሚገቡ ነገሮች አሉ። ማውዙ ቦታውን የሚናገረው በየተወሰነ ጊዜ ነው፤ ፕሮግራሙም ድምፁን ወደ ድምፅ ማውጫው የሚልከው በጥቅል በጥቅል ነው። በሰከንድ 48000 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና) በሚሠራ ፕሮጀክት 1024 ሳምፕል የያዘ ጥቅል 21 ሚሊ ሰከንድ ያህል ሲቆይ፣ 256 ሳምፕል የያዘው 5 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይቆያል። እጅዎ ቆሞ ወይም አቅጣጫ ለውጦ ሳለ ቀድሞ የተላከው ጥቅል ገና እየተጫወተ ስለሚሆን፣ የሚሰሙት ነገር በማያ ገጹ ላይ ከሚያዩት ጠቋሚ ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ኋላ የቀረ ነው። ጥቅሉን ማሳነስ ልዩነቱን ይቀንሰዋል፣ አያጠፋውም፤ ከልክ በላይ ማሳነስ ደግሞ በራሱ ድምፁን ያቋርጣል።

ሌላው ገደብ በምንም ዓይነት ገንዘብ የማይፈታ ነው። አንድ ወንድ ሲናገር የድምፁ መሠረታዊ ድግግሞሽ 120 ሄርዝ አካባቢ ነው እንበል። በሩብ ፍጥነት ሲጎተት 30 ሄርዝ ይሆናል፤ የላፕቶፕ ድምፅ ማውጫ ይህን ጨርሶ አያሰማም። ፍጥነቱ ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ 12 ሄርዝ ይሆናል፤ ይህም የሰው ጆሮ መስማት ከሚጀምርበት 20 ሄርዝ በታች ነው። ሹል የነበረው የ«ስ» ፉጨት ከ5000 እና ከ8000 ሄርዝ መካከል ተነሥቶ በሩብ ፍጥነት ወደ 1250 እና 2000 ይወርዳል፤ ይህ ደግሞ በተለመደው ንግግር የአናባቢዎች መኖሪያ ነው። በዝግታ የተጎተተ ንግግር እንደ ማጉተምተም የሚሰማው ፕሮግራሙ ስለደከመ ሳይሆን፣ ድምፆቹ እኛ ከምናውቃቸው ቦታ ስለተሰደዱ ነው። በላፕቶፑ ማውጫ ሳይሆን በጥሩ ባለገመድ ማዳመጫ ቢሠሩ ከታች የጠፋው ክፍል በመጠኑ ይመለስልዎታል።

ስክራብ እንግዲህ የሚጠቅመው ሰፈሩን ለማግኘት ነው፤ እንግዳው ስለ ልጅነቱ የተናገረበት ቦታ የት ጋ ነው፣ ሳሉ ከየትኛው ዐረፍተ ነገር በኋላ መጣ፣ ጭብጨባው የት ጀመረ የሚለውን። ለዚህ ደግሞ በማውዝ ከመጎተት ይልቅ ኪቦርዱ ይሻላል። በኦዳሲቲ የአይ (I) ቁልፍ ተጭኖ ሲያዝ ወደፊት፣ የዩ (U) ቁልፍ ሲያዝ ወደኋላ ይሄዳል፤ ፍጥነቱን የሚወስነው የድምፁ ምስል በማያ ገጹ ላይ ምን ያህል እንደቀረበ (ዙም) ነው። ምስሉን ሲያርቁት ይፈጥናል፣ ሲያቀርቡት ይዘገያል። እጅ ስለማይንቀጠቀጥ የሚሰማው ድምፅ ወጥ ነው፤ ማውዝ የሚያስከትለው መንተፋተፍም አይኖርም። ፕሮ ቱልስ የራሱ የስክራብ መሣሪያ አለው፤ አዶቢ ኦዲሽን ደግሞ በጄ፣ በኬ እና በኤል ቁልፎች ወደኋላ፣ ማቆም እና ወደፊት የሚባለውን ከቪዲዮ አቀናባሪዎች የተወረሰ ልማድ ይከተላል።

ወደ ዘገዩት ምልክቶች ስንመጣ፣ ሰው ድምፅ ሰምቶ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይወስድበታል፤ ይኸውም የሚመጣውን እየጠበቀ በንቃት ላይ ሆኖ ነው። ቃሉን ሰምተው ኮንትሮልና ኤምን በመጫን ምልክት ሲያስቀምጡ፣ ምልክቱ ያን ያህል ርቆ መውደቁ ስህተት ሳይሆን የሰው ልክ ነው። የሚጠቀሙበት የጆሮ ማዳመጫ ብሉቱዝ ከሆነ ደግሞ ሌላ ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሰከንድ የሚደርስ መዘግየት ሊጨመርበት ይችላል። ሁለቱ ሲደመሩ ግማሽ ሰከንድ ሊጠጉ ይችላሉ፤ በአማርኛ ንግግር ግማሽ ሰከንድ ሁለትና ሦስት ቀለም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ለአርትዖት ብሉቱዝ ማዳመጫ አይጠቀሙ፤ ይህ ማስጠንቀቂያ ምርጫ የለውም። እያዳመጡ የሚያስቀምጡትን ምልክትም «እዚህ አካባቢ» የሚል ማስታወሻ እንጂ መቁረጫ አድርገው አይቁጠሩት። ከሰዓት ጋር የሚወዳደር ሥራ ካለብዎ ሁሉንም ምልክቶች በአንድ ልክ፣ ለምሳሌ በ0.2 ሰከንድ፣ ወደ ኋላ መሳብ ይቻላል፤ የቀረው ግን አንድ በአንድ መታየት አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ቃላቱ የሚጎረዱት፣ በዌቭፎርሙ (በድምፁ የሞገድ ምስል) ላይ ጎላ ብሎ የሚታየውንና ሲጎተት ጎላ ብሎ የሚሰማውን የቃሉ መጀመሪያ አድርገው ስለሚወስዱት ነው። ጎልቶ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ አናባቢው ነው፤ ተነባቢው ከዚያ ቀድሞ ጀምሯል። በ«ህ» ወይም በ«ፍ» የሚጀምር ቃል መነሻው ከክፍሉ ጸጥታ እምብዛም የማይለይ ቀጭን ትንፋሽ ስለሆነ፣ ምስሉን አይቶ የሚቆርጥ ሰው «ሀገር»ን «አገር» ያደርገዋል። በዚህ ምሳሌ ትርጉም አልተጎዳም፤ በሌላው ቃል ግን እንዲህ አይቀልም። ምስሉን ከዌቭፎርም፣ ድምፁን በድግግሞሽ ከፋፍሎ ወደሚያሳየው ስፔክትሮግራም ቢቀይሩት እነ «ስ»፣ «ሽ»፣ «ፍ» ከላይ በኩል እንደ ደመና ተዘርግተው ስለሚታዩ፣ መነሻቸው ይገለጥልዎታል።

የእኛ ቋንቋ በተለይ የሚፈትነው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው «ቅ»፣ «ጥ»፣ «ጭ»፣ «ጵ» የሚባሉት ፈንጂ ድምፆች ናቸው። እነዚህ ሲነገሩ አፍ ብቻ ሳይሆን ጉሮሮም ይዘጋል፤ ፊደሉ ከመፈንዳቱ በፊት ሙሉ ጸጥታ አለ፣ ከፈነዳ በኋላም አናባቢው እስኪጀምር ሌላ አጭር ጸጥታ አለ። በምስሉ ላይ «ቀጠሮ» የሚለው ቃል መጀመሪያ ከቀሪው ቃል ተነጥላ ብቻዋን የቆመች ቀጭን መስመር ሆና ትታያለች። ልምድ የሌለው አቀናባሪ ይህችን መስመር የምላስ ጠቅታ ወይም የማይክሮፎን ድምፅ መስላው ይሰርዛታል፤ የቀረውም ቃል «አጠሮ» ዓይነት ነገር ይሆናል። ስክራብ ይህን ስህተት ከማረም ይልቅ ያባብሰዋል፤ በዝግታ የተጎተተች ፈንጂ ድምፅ እውነትም ከጠቅታ አትለይምና።

ሁለተኛው መጥበቅ ነው። የአማርኛ ተነባቢ ሲጠብቅ የሚለየው በርዝመቱ ነው፤ እንደ «ት»፣ «ክ»፣ «ጥ» ያሉት ሲጠብቁ ደግሞ የሚረዝመው ከፍንዳታው በፊት ያለው ጸጥታ ነው፤ ይህም ከ100 ሚሊ ሰከንድ ሊያልፍ ይችላል። «መጣ» በሚለው ቃል መካከል ያለው ባዶ ቦታ የንግግር ዕረፍት አይደለም፤ የ«ጣ» አካል ነው። «ይመታል» ሲላላ መቺውን፣ ሲጠብቅ ተመቺውን ይናገራል፤ በጽሑፍ አንድ ዓይነት የሆኑትን እነዚህን ሁለት ቃላት በድምፅ የሚለያቸው በ«መ» እና በ«ታ» ላይ ያለው ርዝመት ነው። የእንግዳውን ንግግር ለማፍጠን እነዚህን ክፍተቶች እየለቀሙ የሚያሳጥሩ ከሆነ፣ ሰውየው ያላለውን ያስብሉታል፤ በቃለ መጠይቅ ሥራ ይህ ከቴክኒክ ጉድለት ያለፈ ጥፋት ነው። ጸጥታን በራሱ የሚያሳጥረው የኦዳሲቲ መሣሪያ ሲጫን በሚመጣበት ልክ ከግማሽ ሰከንድ በታች የሆነ ጸጥታን አይነካም፤ ብዙዎች ግን «ዝግጅቱ ፈጠን ይበል» ብለው ወደ 0.1 ሰከንድ ያወርዱታል። ከ0.3 ሰከንድ በታች አያውርዱት። ጸጥታ ተብሎ የሚቆጠረው የድምፅ ልክ ሲጫን የሚመጣው በ-20 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ነው፤ ይህ ለንግግር ከፍ ያለ በመሆኑ፣ ወደ -40 ወይም -45 ዝቅ ማድረግ ይበጃል።

የዐረፍተ ነገሩ መጨረሻም ጥንቃቄ ይሻል። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ተናጋሪው ግን ወደ መጨረሻው ሲደርስ ትንፋሹ ያልቃል፣ ድምፁም ይወርዳል። «አልሄድኩም» ሲል «አል» ጎልታ ትሰማለች፣ «ም» ግን በክፍሉ ድምፅ ውስጥ ልትሟሟ ትችላለች። ምስሉ ጠፍጣፋ የሆነበት ቦታ ላይ ከመቁረጥ ይልቅ፣ የድምፁን ልክ ከፍ አድርገው እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ ይቁረጡ።

ታዲያ የመቁረጫው ቦታ የሚወሰነው በምንድን ነው? በተለመደው ፍጥነት በሚሰማ አጭር ቅድመ ማዳመጥ ነው። ጆሮአችን ንግግርን ለማወቅ የሰለጠነው በተለመደው ፍጥነት ብቻ ነው፤ የትንፋሹ ቦታ፣ የዕረፍቱ ርዝመት፣ የዜማው አወራረድ ሁሉ የሚታወቀው በዚያ ነው። በኦዳሲቲ የሚወጣውን ክፍል መርጠው የሲ (C) ቁልፍን ቢጫኑ፣ ፕሮግራሙ ከምርጫው በፊት ያለውን 2 ሰከንድና ከምርጫው በኋላ ያለውን 1 ሰከንድ አገናኝቶ ያሰማዎታል፤ ምንም ሳይቆረጥ የተቆረጠ ያህል ይሰማሉ ማለት ነው። ካልተስማማዎት የምርጫውን ጠርዝ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ገፍተው እንደገና ሲን ይጫኑ። ይህ ቁልፍ ለንግግር አቀናባሪ ከስክራብ መሣሪያዎች ሁሉ በላይ ነው፤ ብዙ ሰው ግን መኖሩን እንኳ አያውቅም። በኦዳሲቲ ማስተካከያዎች ውስጥ ሁለቱን ቁጥሮች መቀየር ይቻላል፤ ረጅም ዐረፍተ ነገር ለሚናገር እንግዳ ከፊት ያለውን ወደ 3 ወይም 4 ሰከንድ ማሳደግ ዜማውን ለመስማት ይረዳል።

ጠርዙን ሲያስቀምጡ ከሚታየው የቃል መነሻ ከ20 እስከ 50 ሚሊ ሰከንድ ቀደም ይበሉ፤ በፈንጂ ድምፅ ለሚጀምር ቃል ከዚያም ትንሽ ይጨምሩ። ትንፋሽ ካለ ወይ ከነሙሉው ይተዉት ወይ ከነሙሉው ያውጡት፤ በግማሽ የተቆረጠ ትንፋሽ ከተጎረደ ቃል እኩል ጆሮ ይረብሻል። ከተቆረጠ በኋላ የሚሰማ ጠቅታ ካለ፣ ሞገዱ ከዜሮ መስመር ርቆ ሳለ ስለተቋረጠ ነው፤ የዜድ ቁልፍ የምርጫውን ጠርዞች አቅራቢያ ወዳለ የዜሮ መሻገሪያ ያንቀሳቅሳቸዋል። ይህ ግን ሁልጊዜ አይበቃም፤ በስቴሪዮ ቅጂ ግራና ቀኝ በአንድ ቅጽበት ዜሮን ላይሻገሩ ይችላሉና። ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ የሚሆን ክሮስፌድ ማድረግ፣ ማለትም አንዱን እያደበዘዙ ሌላውን እያጎሉ ማገናኘት፣ የበለጠ አስተማማኝ ነው። እዚህ ላይ ቴፕ አቀናባሪዎቹ ሳያስቡት ያገኙት የነበረ ጥቅም አለ። ቴፑን የሚቆርጡት ቀጥ አድርገው ሳይሆን በ45 ዲግሪ አግድመው ነበር። የቴፑ ስፋት 6.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ መላ ስፋቱን በሚጠቀም ቅጂ ላይ ሰያፉ ቁራጭ በርዝመትም ያንኑ ያህል ይዘረጋል፤ በሰከንድ 38 ሴንቲ ሜትር ሲሄድ ይህ 17 ሚሊ ሰከንድ የሚጠጋ፣ በ19 ሲሄድ 33 ሚሊ ሰከንድ የሚሆን ክሮስፌድ ነበር። የድሮ ቅንብር «ለስለስ ያለ» የሚመስለን በከፊል ለዚህ ነው፤ የምላጩ ማዕዘን እኛ ዛሬ በእጃችን የምናደርገውን በራሱ ያደርግ ነበር።

የክፍሉን ድምፅም አይርሱ። የቀረጻ ሰዓት ሁሉም ሰው ዝም ብሎ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ያስቀርጹ፤ ዕረፍት ማርዘም ሲያስፈልግ የሚሞላው ከዚያ በተወሰደ ድምፅ ነው እንጂ በባዶ ዲጂታል ጸጥታ አይደለም።

በጥያቄዎ ውስጥ በቀጥታ ባይጠቀስም «ምልክቱ ያለፈ» የሚመስልበት ሌላ ምክንያት ከፋይሉ ዓይነት የሚመጣ ነው። ኤምፒ3 ድምፁን 1152 ሳምፕል በያዙ ፍሬሞች ይከፋፍላል፤ በ44100 ሄርዝ አንዱ ፍሬም 26 ሚሊ ሰከንድ ነው። ላም (LAME) በሚባለው የኤምፒ3 መጭመቂያ ተጨምቆ እንደገና ሲፈታ በመነሻው 1105 ሳምፕል፣ ማለትም 25 ሚሊ ሰከንድ የሚሆን ጸጥታ ሊጨመርበት ይችላል፤ አንዳንዱ ማጫወቻ ይህን አውቆ ይቀንሰዋል፣ አንዳንዱ አይቀንሰውም። ኦዳሲቲ ፋይሉን ሲያስገባ አስቀድሞ ስለሚፈታው በውስጡ ሲሠሩ ምልክቶቹ አይናወጡም፤ ጭምቁን ወደ ውጭ አውጥተው በሌላ ፕሮግራም ሲከፍቱት ግን ይንሸራተታሉ። እንግዶች በቴሌግራም የሚልኩልዎትን የድምፅ መልእክት ጨምሮ፣ ማንኛውንም ጭምቅ ፋይል አንድ ጊዜ ወደ ዋቭ (ወዳልተጨመቀ ፋይል) ቀይረው ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው በዋቭ ይሥሩ። ጥራቱ አይጨምርም፣ ጊዜው ግን ይጸናል። ኤምፒ3 የሚሠራው ሲያልቅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ምልክቶችን ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም የሚያሻግሩ ከሆነም ይጠንቀቁ። ዋቭ ፋይል በውስጡ የኪው (የቦታ) ምልክቶችን መያዝ ይችላል፤ ነገር ግን የሚመዘገቡት በሰከንድ ሳይሆን በሳምፕል ቁጥር ነው። በ48000 ሄርዝ ቅጂ ላይ 10ኛው ደቂቃ ላይ ያለ ምልክት 28,800,000ኛው ሳምፕል ነው፤ ይህ ቁጥር በ44100 ቢነበብ 10 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ላይ ይወድቃል። የኦዳሲቲ ምልክቶች (ሌብሎች) ተለይተው ወደ ጽሑፍ ፋይል ሲወጡ የሚጻፉት በሰከንድ በመሆኑ ከዚህ ችግር የራቁ ናቸው። ስልክ በ48000 ሊቀርጽ ስለሚችል፣ ፕሮጀክቱን ከመነሻው በ48000 መክፈት ጣጣውን ያስቀራል።

ስለ ግዢው፦ ለብቻው የሚሸጠው ጆግ ያለው መቆጣጠሪያ፣ እነ ኮንቱር የሚሠሩትን ጨምሮ፣ ለኮምፒውተሩ የሚልከው የቁልፍ ትእዛዝ ነው። ድምፁን የሚያሰማው ያው ፕሮግራም ስለሆነ የሚቆራረጠው አይጠራም፤ የሚያርፈው የእጅ አንጓ ነው። ፕሮ ቱልስ የተሻለ ስክራብ አለው፤ ይሁንና የሁለት ሰው ቃለ መጠይቅ ለማቀናበር ለዚያ ብቻ ተብሎ ወደ ሌላ ፕሮግራም መግባት ትርፍ የለውም፤ ከላይ የተነሡት የ«ቅ» እና የመጥበቅ ጉዳዮች እዚያም ይጠብቁዎታል።

የምመክረው ይህን ነው። ኦዳሲቲ ላይ ይቆዩ። ገንዘብ የሚያወጡ ከሆነ ባለገመድ፣ ጆሮ የሚሸፍን ማዳመጫ ይግዙ። ፋይሉን ወደ ዋቭ ቀይረው ሙሉውን አንድ ጊዜ በተለመደው ፍጥነት እየሰሙ ምልክት ያስቀምጡ፤ በሁለተኛው ዙር በአይ እና በዩ ቁልፎች ወደ ምልክቱ ሰፈር ይጠጉ፤ መቁረጫውን በሲ ቁልፍ ይወስኑ። በዚህ አሠራር አንድ ሁለት ወር ከሠሩ በኋላ፣ በሳምንት ብዙ ሰዓት የሚወስድ ቅጂ እያቀናበሩ እጅዎ መድከም ከጀመረ ያን ጊዜ መቆጣጠሪያውን ይግዙና የመጀመሪያውን አዝራር የሲ ቁልፍ አድርገው ያዘጋጁት፤ ክቡን ጆግ ደግሞ ለአይ እና ለዩ ይስጡት።